ለ300 ተፈናቃይ ቤተሰብ ዕርዳታ ማከፋፈል፦ ከምዝገባ እስከ መውጫው በር

ይህ መመሪያ ገንዘብ ወይም ዕቃ ሰብስበው ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ማድረስ ለሚፈልጉ ትንንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና ፈቃደኛ ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ አድርገን የያዝነው 300 ቤተሰብ፣ በአማካይ ቤተሰቡን 5 ሰው ብለን 1,500 ሰው ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ቢለይ ስሌቱን በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

ስርጭት የሚበላሸው በአብዛኛው ዝርዝሩ ሲበላሽ ነው። ሁለቴ የተመዘገበ፣ ጭራሽ ያልተመዘገበ፣ በሌለበት ስሙ የገባ ሰው ሲበዛ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ዕቃው የቱንም ያህል ቢበዛ አያድነውም። ስለዚህ ካላችሁ ጊዜ ግማሹን ለምዝገባ መድቡ። ጊዜውን ግዢ ላይ የጨረሰ ቡድን ምዝገባውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመጨረስ ይሯሯጥና ጣጣው በስርጭቱ ቀን ይመጣበታል።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ቦታውን የሚያስተዳድረውን የመንግሥት አካልና እዚያው የሚሠሩትን ድርጅቶች አግኙ። የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ማን፣ ምን፣ ለየትኛው ሰፈር፣ መቼ ሰጠ? ቀጥሎስ ምን ሊሰጥ አስቧል? የማስተባበሪያ ስብሰባ ካለ አንዱን ሳትካፈሉ ምንም አትግዙ። ይህን የዘለለ ቡድን ለሦስተኛ ዙር ብርድ ልብስ ጭኖ ይመጣል፤ ለካ የጎደለው ጄሪካን ነበር።

ቀጥሎ መጠለያውን በእግራችሁ ዙሩት፤ አንድ ጊዜ በማለዳ ውኃ በሚቀዳበት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አመሻሽ ላይ እራት ሲበስል። ስንት ሰው በአንድ ድስት ተራ እንደሚጠብቅ፣ ሕፃናቱ ምን ላይ እንደሚተኙ፣ ውኃው በምን ዕቃ እንደሚቀመጥ በዓይናችሁ እዩ። ሴቶችን ሴቶች ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ወንዶች ባሉበት ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ወር አበባ የሚናገር የለም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

በአቅራቢያው ገበያ ካለ እሱንም ጎብኙት። የዕርዳታ ዕቃ በርካሽ ሲሸጥ ብታዩ ሌባ ፍለጋ አትውጡ። ሰው የተሰጠውን የሚሸጠው ያልተሰጠውን ለመግዛት ነው፤ ማገዶ፣ የወፍጮ ክፍያ፣ መድኃኒት። እዚያ የምታዩት ነገር ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጥ የጎደለውን ይነግራችኋል።

ገበያው በትክክል እየሠራ፣ ዕቃው በበቂ ሁኔታ እየገባ፣ ሰውም ሳይዘረፍ ገዝቶ መመለስ የሚችል ከሆነ ገንዘብ መስጠት ከዕቃ ይሻላል። ማጓጓዣና መጋዘን ይቀራል፤ እያንዳንዱ ቤትም የጎደለውን ራሱ ያውቃል። ነጋዴው ጥቂት ከሆነ ግን ገንዘቡ ዋጋ ያንርና ዕርዳታውን ያላገኙትንም ይጎዳል። እንዲህ ባለ ቦታ በዕቃ ቆዩ።

ለጋሾች በቅንነት የሚያመጧቸውና እምቢ ማለት ያለባችሁ ነገሮች አሉ። ያልተለየ አሮጌ ልብስ ከሚጠቅመው ሰው ይልቅ የሚያደክመው ይበዛል፤ በጾታ፣ በልክና በንጽሕና ካልተለየ አትረከቡ። መድኃኒትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው፣ ጽሑፉም የጤና ባለሙያው በሚያነበው ቋንቋ የሆነ እንዲሆን ያዝዛል። ከዚያ በመለስ ያለውን መልሱ፤ ተቀባዩም ሁልጊዜ የጤና ተቋም እንጂ ቤተሰብ አይሁን። የሕፃናት ዱቄት ወተትና ጡጦ ፈጽሞ አትቀበሉ፤ ምክንያቱን ከታች ስለ ሕፃናት በሚያወራው ክፍል ታገኙታላችሁ።

ምዝገባ

መጀመሪያ «ቤተሰብ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወስኑ። የሚሠራው ፍቺ «ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች» የሚለው ነው። አንድ ባል ከአንድ በላይ ሚስት ካለው እያንዳንዷ ሚስት ከልጆቿ ጋር ራሷን የቻለች ቤተሰብ ሆና ትመዝገብ፤ ዕርዳታ የምትቀበልበት ካርድም በስሟ ይውጣ። በባሎች ካርድ የሚሰጥ ዕርዳታ ሁለተኛዋ ሚስት ቤት ሳይደርስ ይቀራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአገር ውስጥ መፈናቀል መሪ መርሆዎች ሰነድም (መርህ 18) መሠረታዊ አቅርቦት ሲታቀድም ሲከፋፈልም ሴቶች ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ልዩ ጥረት እንዲደረግ ይጠይቃል።

ሰው ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎ የሚያስመዘግበው ለምንድን ነው? ለ2 ሰውም ለ9 ሰውም አንድ ዓይነት ጥቅል ስለሚሰጥ ነው። 9 ሆነው አንድ ጥቅል ከሚደርሳቸው ለሁለት ቢከፈሉ ሁለት ያገኛሉ። ይህን በቁጣ አትከለክሉትም፤ በስሌት ግን ትከለክሉታላችሁ። ምግብና ሳሙና በነፍስ ወከፍ ይሰጥ። ሊከፈል የማይችለው የቤት ዕቃ ደግሞ በሦስት ደረጃ ይሁን፦ ከ1 እስከ 3 ሰው ትንሹ ጥቅል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛው፣ 7ና ከዚያ በላይ ትልቁ። ያኔ መከፋፈል ጥቅም ያጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ምን እንደሚሰጥ ሳትናገሩ ምዝገባ እንደሚኖር ብቻ ለተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ንገሩ። ጥቅሉ አስቀድሞ ከታወቀ ከአካባቢው መንደሮች ሰው ሌሊቱን ይገባል።

2. ሁሉንም ሰፈር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ጀምሩ። ዛሬ ምሥራቁን፣ ነገ ምዕራቡን ብትሉ ዛሬ የተመዘገበው ነገ በሌላ ስም ይጠብቃችኋል።

3. ሰውን አንድ ቦታ ጠርታችሁ አታሰልፉ፤ ድንኳን ለድንኳን ሂዱ። ሁለት ሁለት ሁናችሁ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው ይጻፍ። ለአንድ ቤተሰብ 6 ደቂቃ ከያዛችሁ አንድ ቡድን በሰዓት 10፣ በ6 ሰዓት 60 ቤተሰብ ይጨርሳል። ስለዚህ ለ300 ቤተሰብ 5 ቡድን፣ 10 ሰው ያስፈልጋል። አንድ ተጠባባቂ ቡድን ጨምሩ።

4. የተመዘገበው ድንኳን ላይ ተከታታይ ቁጥሩን በቾክ ወይም በማርከር ጻፉና ካርዱን እዚያው፣ ለተመዘገበችው ሴት በእጇ ስጡ። ካርድ ለሰፈር አለቃ በጥቅል አይሰጥም፤ በጥቅል የተሰጠ ካርድ ይሸጣል።

5. የምትጽፉት የካርድ ቁጥር፣ የቤተሰቡ ኃላፊ ስም፣ እሷ ባትችል የሚቀበልላት ሰው ስም፣ ሰፈር፣ የቤተሰቡ አባላት በዕድሜ (ከ6 ወር በታች፣ ከ6 እስከ 23 ወር፣ ከ24 እስከ 59 ወር፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት፣ ከ18 እስከ 59፣ 60ና በላይ)፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና የአካል ጉዳት ያለበት ሰው መኖሩ ነው።

6. ሃይማኖት፣ ብሔርና የፖለቲካ አቋም አትጻፉ። ዝርዝር ይሰረቃል፣ ይገለበጣል፣ በኃይልም ይወሰዳል፤ ሰዎቹ ደግሞ ምናልባት የሸሹት በዚያው ምክንያት ይሆናል። ከተጎጂነት ያለፈ ማንነት ለዱቄት ስሌት አይጠቅምም።

ማታውኑ ዝርዝሩን ፈትሹት። ልደት በሚበዛባቸው አገሮች ከሕዝቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከ5 ዓመት በታች ነው። ስለዚህ ከ1,500 ሰው ከ225 እስከ 300 ሕፃናት ብታገኙ አትገረሙ፤ 500 ካገኛችሁ ግን ሕፃናት በውሰት ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ ተቆጥረዋል ማለት ነው። የአንድ ቡድን አማካይ የቤተሰብ ቁጥር 8፣ የሌሎቹ 5 ከሆነ ችግሩ ከተፈናቃዮቹ ሳይሆን ከመዝጋቢው ነው፤ የእሱን ሰፈር ድጋሚ መዝግቡ።

በማግስቱ ስምና የቤተሰብ ቁጥር በየሰፈሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጎረቤት የሞተውን፣ የሄደውንና የሌለውን ያስወጣል፤ የተረሳውንም ያስገባል። በዚህ ንባብ ላይ በሽታ፣ የአካል ጉዳት፣ «ብቻዋን የምትኖር» የሚሉ ነገሮች ፈጽሞ አይነበቡ። ብቻዋን የምትኖር ሴት የትኛው ድንኳን እንዳለች በአደባባይ መንገር አደጋ መጥራት ነው።

ከዕቃው 5 በመቶ፣ ማለትም የ15 ቤተሰብ ድርሻ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ያዙ። ይህን መጠባበቂያ ማን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ካልሆነ የአስተባባሪው ዘመድ ይወስደዋል።

መጠኑን ማስላት

ሰብአዊ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፊር መመሪያ ዝቅተኛ መለኪያዎች አሉት፤ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህን የሚሞላው የተለመደ ድልድል በቀን ለአንድ ሰው 400 ግራም እህል ወይም ዱቄት፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም አልሚ ዱቄት፣ 15 ግራም ስኳርና 5 ግራም አዮዲን ያለው ጨው ነው። ሕፃኑም እንደ አዋቂው ሙሉ ይቆጠራል፤ መለኪያው የሕዝቡ አማካይ ስለሆነ «ለልጅ ግማሽ» ብላችሁ ከቀነሳችሁ ቤተሰቡ በሙሉ ይጎድልበታል።

የ15 ቀን ሲሰላ፣ ለ1,500 ሰው 9,000 ኪሎ እህል (ባለ 50 ኪሎ 180 ከረጢት)፣ 1,350 ኪሎ ጥራጥሬ (27 ከረጢት)፣ 562.5 ኪሎ ወይም 610 ሊትር ገደማ ዘይት፣ 1,125 ኪሎ አልሚ ዱቄት፣ 337.5 ኪሎ ስኳር፣ 112.5 ኪሎ ጨው ይሆናል፤ ድምሩ 12.5 ቶን ገደማ። ለመፍሰስና ለተቀደደ ከረጢት 2 በመቶ ጨምሩ። የ5 ሰው ቤተሰብ ድርሻ 41.6 ኪሎ ነው። የ30 ቀን በአንዴ ብትሰጡ 83 ኪሎ ይሆናል፤ ያን ተሸክማ የምትሄድ እናት የለችም፣ ድንኳን ውስጥም ከዝናብና ከሌባ የምታኖርበት ቦታ የላትም። ከፊሉን ለተሸካሚ ትከፍላለች። የ15 ቀኑን ያስመረጠን ይህ ነው።

ያልተፈጨ እህል ከሰጣችሁ ወፍጮ መኖሩን አረጋግጡ፤ የወፍጮውን ክፍያ ካልሸፈናችሁ ቤተሰቡ ከእህሉ ሸጦ ይከፍላል። ጥራጥሬም ሲገዛ ቶሎ የሚበስለው ወይም የተከካው ይመረጥ። ለሰዓታት የሚፈላ ባቄላ ማገዶ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ ልጅ ማለት ነው።

ሳሙና ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ነው፤ ለ1,500 ሰው 675 ኪሎ። የውኃ መያዣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ሁለት ይሁን፣ አንዱ መቅጃ፣ አንዱ ማስቀመጫ፤ አፉ ጠባብና ክዳን ያለው ይሁን፣ እጅ የሚገባበት ባልዲ ውኃውን ያበክላል። ብርድ ልብስ ቢያንስ ለአንድ ሰው አንድ። የወር አበባ ለሚያዩ የሚጣል ሞዴስ ከሆነ በወር 15፣ ከውስጥ ሱሪ ጋር፤ ያለ ውስጥ ሱሪ ሞዴስ ዋጋ የለውም። የሚታጠብ ጨርቅ የምትሰጡ ከሆነ ማጠቢያና የተሸሸገ ማስጫ ቦታ መኖሩን ጠይቁ።

ጄሪካን ስትሰጡ ውኃውንም ቁጠሩት። 15 ሊትር ለሰው በቀን ማለት ለእኛ ምሳሌ 22,500 ሊትር ነው፤ አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ሲታሰብ 6 ቧንቧ። መጸዳጃ ቤት መጀመሪያ ላይ ለ50 ሰው አንድ፣ ቶሎ ብሎ ለ20 ሰው አንድ፤ ከውኃ ምንጭም ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ። ይህ ከጎደለ ገንዘባችሁን ከብርድ ልብስ ቀንሳችሁ እዚህ ላይ ማዋል ሊያዋጣ ይችላል።

መጋዘንና መለኪያ

ሲራገፍ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከመኪናው በር፣ አንዱ ከመጋዘኑ በር፣ ለየብቻ ይቁጠር፤ ሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ ሾፌሩ ሳይሄድ ድገሙት። ከየ20ው ከረጢት አንዱን መዝኑ፤ ባለ 50 ተብሎ 47 የሚመዝን ብርቅ አይደለም። ከረጢት መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ፓሌት ወይም እንጨት ከሥሩ፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ አይጥ የሚደበቅበትን ቦታ ታያላችሁ፣ ርጥበትም አይነካውም። ሳሙናና ነዳጅ ከምግብ ጋር አንድ ክፍል አይግባ፤ ዱቄት ሽታ ይስባል።

በጣሳ የምትሰፍሩ ከሆነ ጣሳውን ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ በሚዛን ለኩ። አንድ ኪሎ ባቄላ የሚይዝ ጣሳ አንድ ኪሎ ዱቄት አይይዝም። ልኩን በቀለም አስምሩና ከአፉ ላይ በቀጥ ያለ እንጨት አስተካክሉት፤ «ሞላ አድርገው» እና «ቀነስ አድርገው» የሚባለው ሁሉ የሰፋሪው ዝምድና ይሆናል። በዕለቱ መስፈሩ ከበዛባችሁ ከአንድ ቀን በፊት በየቤተሰብ መጠኑ ቋጥሩ፤ ለሁለት ለሦስት ሰዎች የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ የስርጭቱን ቀን ግን በግማሽ ያሳጥራል።

የስርጭቱ ቀን

ቦታው መግቢያና መውጫው የተለያየ፣ በገመድ የታጠረ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ መግቢያ፣ ጥላ ያለው መጠበቂያ፣ ካርድ ማጣሪያ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ዕቃ መረከቢያ፣ የመውጫ ሚዛን፣ የቅሬታ ጠረጴዛ። ክምሩ ከሰልፉ እንዳይታይና እንዳይቀርብ አርቁት። ከመኪና ላይ ቀጥታ ማደል፣ ይባስ ብሎ መወርወር፣ ጠንካራ ጎረምሶችን መመገብና ሽማግሌዎችን ማስረገጥ ነው።

ጊዜውን አስሉ። አንድ መስመር ለአንድ ቤተሰብ 2 ደቂቃ ከፈጀበት በሰዓት 30፣ ሁለት መስመር 60 ቤተሰብ ያስተናግዳል፤ 300ው በ5 ሰዓት ያልቃል። ሰዎችን በሰፈር በሰፈር፣ በተለያየ ሰዓት 60 60 አድርጋችሁ ጥሩ። ሁሉንም በማለዳ የጠራ ቡድን 240 ቤተሰብ በፀሐይ ያቆማል፤ ቁጣውም የሚነሳው ከዚያ ነው። ፀሐይ ከመግባቷ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ጨርሱ፤ የተሸከመች ሴት በጨለማ ወደ ድንኳኗ መሄድ የለባትም።

ሰው ስትመድቡ ቢያንስ እንዲህ ያስፈልጋል፦ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ካርድ አጣሪ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሦስት አስረካቢ፤ ሰልፍ የሚያስከብሩ አራት፣ ግማሾቹ ሴቶች፤ መጋዘን ላይ አንድ፣ ቅሬታ ላይ አንድ፣ ሽማግሌዎችን በመሸከም የሚረዱ ሁለት፣ አንድ ኃላፊ። 19 ሰው። ለኃላፊው ቋሚ ሥራ አትስጡት፤ እየዞረ ይይ።

ሰልፉ በረድፍ ይቀመጥ። የተቀመጠ ሰው አይገፋም፤ ከኋላ ግፊት ቢመጣም የሚረግጠው የለም። መሬቱ ላይ መስመር አስምሩ፣ 10 10 አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከፊት ያለው ረድፍ ሲነሳ ሁሉም አንድ ረድፍ ይጠጋል። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና የአካል ጉዳተኛ ሌላ አጭር ሰልፍ ይኑራቸው፤ መምጣት ያልቻለው ደግሞ ካርዱ ላይ ስሙ በተጻፈው ተወካይ ይቀበል። የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ አቅርቡ።

ካርዱ ሲቀርብ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር ይታይ፣ በመብሻ ይበሳ፣ አሻራ ይነሳ። የመብሻው ቅርጽ በየዙሩ ይለዋወጥ፤ ክብ ቀዳዳን በሚስማር ማስመሰል ቀላል ነው። ካርድ ጠፋብኝ ያለ ወደ ቅሬታ ጠረጴዛ ይሂድ እንጂ መስመሩን አያስቁም፤ የሱ ጉዳይ በመጨረሻ፣ ጎረቤት በምስክርነት ባለበት ይታያል።

መግቢያው ላይ በሚነበብ ጽሑፍና በሥዕል፦ ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ዕርዳታው ነፃ እንደሆነ፣ ማንም በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በገላ እንዲከፍል እንደማይጠየቅ፣ ከተጠየቀ ለማን እንደሚናገር ይለጠፍ። ይህ ለወጉ የሚደረግ አይደለም። ካርድ በእጁ ያለ ሰው ሥልጣን በእጁ አለ፤ መዝጋቢም ይሁን ዘበኛ ዕርዳታን ለወሲብ መለወጫ ያደረገበት ጊዜ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቅሬታ ተቀባዩ ከአስረካቢዎቹ ቡድን ውጪ የሆነ ሰው፣ ከተቻለ ሴት ትሁን። ፈቃደኛ ሠራተኛም ድንኳን ውስጥ ብቻውን አይግባ።

«ይብቃ፣ አቁሙ» የሚለው ሰው አንድ ብቻ፣ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ገመዱ ሁለት ጊዜ ከተጣሰ አቁሙ፣ መጋዘኑን ዝጉ፣ ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩና ቀጥሉ ወይም ለነገ አድርጉት። «ትንሽ ቀረ» ብሎ መቀጠል ነው ሰው የሚያስጎዳው።

ፎቶግራፍ አንሺ ከማምጣታችሁ በፊት ሚዛን አምጡ። ለለጋሽ ምስል ካስፈለገ የክምሩን፣ የሰልፉን ከኋላ፣ የተሞላ መዝገብ (ስም ሳይታይ) አንሱ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴና የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ በማስታወቂያችን ተጎጂን ክብር ያለው ሰው አድርገን እንጂ ተስፋ የቆረጠ ዕቃ አድርገን እንዳናሳይ ያዝዛል። እናት ካርዷን ለማስበሳት ፎቶ መነሳት ግዴታዋ መምሰል የለበትም።

ሕፃናት

ወላጆቹ አብረውት የሌሉ ልጅ ስታገኙ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ከአጎት፣ ከአያት ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር ያለ ከወላጅ የተለየ ልጅ ነው፤ ማንም ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ አዋቂ የሌለው ደግሞ ብቻውን የሆነ ልጅ ነው። ሁለቱም ወላጅ አልባ ማለት አይደሉም፤ በግርግር የተለያየ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይገናኛል። ስለዚህ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ወይም ወደ ውጭ አገር አታጓጉዙ። የልጁ ወላጅ ፍለጋ የሚጀምረው ከጠፋበት ቦታ ነው፤ ካራቃችሁት ጭራሽ ታጠፉታላችሁ።

ያገኛችሁት ዕለት ይህን ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ የቤት ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የመጣበት መንደር፣ በመጨረሻ ከማን ጋርና የት እንደነበር፣ የለበሰው ልብስ፣ የያዘው ዕቃ። መናገር የማይችል ሕፃን ከሆነ ልብሱን አትጣሉ፤ እናትየው የምታውቀው በእሱ ነው። ከዚያ ለመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ አካል ወይም ቤተሰብ ለሚያገናኘው ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ አስረክቡ። «ልጄ ነው» ብሎ የመጣ አዋቂ ልጁን ከማየቱ በፊት ስለ ልጁ ለብቻው ይጠየቅ፤ ልጁም ለብቻው። ስምና ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ለልጅ አዘዋዋሪ መረጃ መስጠት ነው፤ የሰማውን መልሶ የሚናገር ሰው ወላጅ ይመስላል።

ብቻቸውን ለሆኑ ልጆች ብቻ የሚሰጥ ልዩ ጥቅል አታዘጋጁ። እንዲህ ያለ ጥቅል በተሰማ ማግስት የብቻቸው ልጆች ቁጥር ያድጋል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ለዕርዳታ ሲሉ ይለዩአቸዋል። የሚያሳድጋቸው ቤተሰብ ልጁ እንደ አንድ አባል ተቆጥሮለት ድርሻውን ያገኛል፤ ይበቃል።

በስርጭቱ ቀን እናቶች ስለሚሰበሰቡ ከ6 እስከ 59 ወር የሆናቸውን ሕፃናት ክንድ ለክቶ የምግብ እጥረት ያለበትን ለመለየት ጥሩ አጋጣሚ ነው። የሠለጠነ ሰው ግራ ክንዱን ክርኑ ላይ አጥፎ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ያለውን መካከል ምልክት ያደርጋል፣ ክንዱን ዘርግቶ ያዝናናዋል፣ ባለ ቀለሙን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ሳይጠብቅም ሳይላላም ያስራል። ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት፤ ከ115 እስከ 124 ቢጫ፣ መካከለኛ፤ 125ና በላይ አረንጓዴ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ይጫን፤ ሁለቱም ላይ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይ እንኳ ሕፃኑ በከባድ ሁኔታ ላይ ነው። ጥብጣቡን አጥብቆ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጤነኛውን ሕፃን ቀይ ያደርገዋል። ቀይ የሆነውን ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፣ ማን እንደሚያደርሰውም ስም ይጻፍ። ብስኩት ሰጥቶ ማሳለፍ አይበቃም።

ዱቄት ወተትን በተመለከተ፦ ንጹሕ ውኃ፣ ማገዶና ማጠቢያ በሌለበት ቦታ ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፤ ጥቂት ቀን ዱቄት ወተት የጠጣ ሕፃን ደግሞ የእናቱ ጡት ይቀንስበታል፣ ዕርዳታው ሲቋረጥ ሁለቱንም ያጣል። እናት «ወተቴ ደረቀ» ብትል ለእሷ ምግብ፣ ውኃና ፀጥ ያለ ማጥቢያ ቦታ ስጡ፣ ሕፃኑንም ደጋግማ ታጥባ። እናት የሌለው ሕፃን ሲያጋጥም በጤና ባለሙያ ክትትል ብቻ፣ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ይመገባል።

ለተቅማጥ ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ዱቄት) በቂ ያዙ። በጠፋ ጊዜ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከበዛ አደገኛ ነው፤ እናት ቀምሳ ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካላት ትድፋው። የኩፍኝ ክትባት መሰጠቱንም ጠይቁ፤ በተጨናነቀ መጠለያ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት የሆኑት ሁሉ ይከተባሉ።

ከስርጭቱ በኋላ

መውጫው ላይ ከየ15ቱ ቤተሰብ አንዱን፣ በድምሩ 20 ቤተሰብ፣ ዕቃውን መዝኑ። 3ቱ ጎድሎባቸው ከተገኘ ሰፋሪውን ቀይሩ፤ 10ሩ ከጎደለባቸው ጣሳው ነው። ማታ መጋዘኑን ዝጉ፦ የገባው ሲቀነስ የተሰጠው ሲቀነስ የተበላሸው፣ ከቀረው ጋር እኩል መሆን አለበት። የተበሱት ካርዶች ቁጥር፣ የአሻራዎቹ ቁጥርና ከመጋዘን የወጣው ጥቅል ሦስቱም ካልገጠሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ፤ በማግስቱ ማስታወስ አይቻልም።

የተረፈ ዕቃ እዚያው ቦታ ለቆሙት አይታደልም። አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ዙር ትርፉን የሚጠብቅ መቶ ሰው ይቆማል። ቆጥራችሁ መልሱት፣ ዘግይተው ለተመዘገቡት ይዋል፣ ኮሚቴውም ይወቅ። በማግስቱ የገባውን፣ የተሰጠውንና የቀረውን በአንድ ወረቀት ሰፈሩ ላይ ለጥፉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ቀጠሮ 30 ቤተሰብ ጎብኙ። ምን ደረሰሽ፣ ምን ተረፈ፣ ምን ሸጥሽ፣ ለመቀበል ክፈዪ ብሎ የጠየቀሽ ሰው አለ? ከካርዱ ጋር የማይገጥም መልስ ሲበዛ የሚቀጥለውን ዙር አዘግዩና መዝገቡን አድሱ። መፈናቀል አይቆምም፤ የሦስት ወር ዝርዝር አሮጌ ነው።

መዝገቡ ሁለት ቅጂ ብቻ ይኑረው፣ ሁለቱም ይቆለፍባቸው፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ መላላክ ይከልከል። ለጋሽ ማስረጃ ከጠየቀ የሚሰጠው ጠቅላላ ቁጥር በጾታና በዕድሜ ነው፣ የስም ዝርዝር አይደለም። ሥራው አልቆ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ሕግ እንዲቆይ የሚያስገድደውን አስቀርታችሁ የቀረውን ሁለት ሰው ባለበት አቃጥሉት፤ የተቃጠለበትን ቀንም በቃለ ጉባኤ ጻፉ።